ኦል ኔሽንስ ብሬዝ ኦፍ ላይፍ
ኦል ኔሽንስ ብሬዝ ኦፍ ላይፍ («የሁሉም ብሔሮች የሕይወት እስትንፋስ») የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ሲጋራ ማጨስ እንዲያቆሙ ለመርዳት ከባህላቸው ጋር ተጣጥሞ የተዘጋጀ የቡድን መርሐ ግብር ነው። የቀረጹት የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች ከማኅበረሰቡ አባላት ጋር ሆነው ነው። ዋና መለያው፣ ከተለመዱት ፀረ ትምባሆ ትምህርቶች በተቃራኒ፣ ትምባሆን በጅምላ አለማውገዙ ነው፦ ቅጠሉ በብዙ ነገዶች ዘንድ ጸሎት የሚደርስበት፣ ለሽማግሌም በስጦታ የሚበረከት ቅዱስ ተክል በመሆኑ፣ እንዲተው የሚጠየቀው ከሱቅ የሚገዛው የዘወትር ሲጋራ ነው። ተሳታፊዎች በወገኖቻቸው አወያይነት ይሰበሰባሉ፤ የስልክ ምክርና እንደ ኒኮቲን ማስቲካ ያሉ መድኃኒቶችም ይቀርቡላቸዋል። በአሜሪካ ካሉ ብሔረሰቦች ከፍተኛው የአጫሾች ድርሻ የሚታየው በእነዚሁ ቀደምት ሕዝቦች ዘንድ ነው።