አብላጫ ድምፅ ይዞ መሪ ስለ ማጣት
(ከጎዴ እስከ ጅግጅጋ፤ ከ1985 እስከ 2014 ዓ. ም.)

በምርጫ ተወዳድሮ የተሸነፈ የፖለቲካ ማኅበር ቢከፋፈል ማንም አያደንቅም፤ ሽንፈት ወንድማማቾችን እንኳ ያጣላልና። የሚያስደንቀው ግን ድል ያደረገው፣ ወንበሩን ቆጥሮ የተረከበው፣ ሕዝብም አለቃ አድርጎ የሾመው ማኅበር «ከመካከላችን ማን ይምራን?» በሚለው ጥያቄ ተሰናክሎ ሲወድቅ ማየት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በታላላቆቹም አገሮች ይደርሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በአሜሪካ አብላጫውን የያዘው የሪፐብሊካን ፓርቲ የሕግ መወሰኛውን ሳይሆን የተወካዮቹን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለመምረጥ ዐሥራ አምስት ጊዜ ድምፅ መስጠት ግድ ሆኖበት ነበር። ያው የተመረጠው ሰው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከገዛ ፓርቲው በወጡ ጥቂት ሰዎች እጅ ወርዶ፣ ወንበሩ ሦስት ሳምንት ያህል ባዶውን ቆይቷል። ዳሩ ግን የአሜሪካው ምክር ቤት ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ደንብና ልማድ ያለው ስለ ሆነ መናጋቱን ተቋቁሞታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስታውሰው ያሰብነው ደንቡም፣ አዳራሹም፣ ዋና ከተማውም ገና አዲስ በነበረበት አገር ስለ ደረሰው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ይኸውም በሶማሌ ክልል ነው።

ስለ ጅግጅጋ አስቀድመን አንድ ነገር ብንናገር አንባቢያችን ይፈቅድልናል። ከሐረር ተነሥቶ የካራማራን ተራራ አልፎ ወደ ሜዳው የሚወርድ መንገደኛ የሚያገኛት ይህች ከተማ በ1909 ዓ. ም. ገደማ መልክ የያዘችው በፊታውራሪ፣ በኋላም በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ መሆኑን ባለታሪኩ ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ይነግሩናል። እኒሁ ሰው የ1923 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያውን ፓርላማ ያስገኘውን ሕግ የጻፈው ብዕር የጅግጅጋንም ጎዳና የነደፈ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው። ነገር ግን ያ ፓርላማ ፓርቲም፣ የፓርቲ መሪም አልነበረውም፤ የጅግጅጋና የአካባቢዋ ሕዝብም በራሱ ምክር ቤት ራሱ የመረጠውን ሰው ለማየት ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ መቆየት ነበረበት። በመካከሉ የኢጣልያ ወረራ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር፣ ከዚያም ጅግጅጋ በጠላት እጅ ገብታ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ. ም. ነፃ የወጣችበት ጦርነት አለፈ። ይህን ሁሉ እዚህ መዘርዘር የጽሑፋችን ዓላማ አይደለም።

በሽግግሩ ዘመን በ1984 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በዐሥራ አራት ክልሎች ሲከፍል የሶማሌ ሕዝብ የሚኖርበት ምድር «ክልል 5» ተባለ። በአዋጁ መሠረት ሕዝቡ ምክር ቤት ይመርጣል፤ ምክር ቤቱም ከአባሎቹ መካከል ፕሬዚዳንትና ሥራ አስፈጻሚ ይሰይማል። በሌሎቹ ክልሎች ምርጫው በ1984 ዓ. ም. ሰኔ ወር ሲደረግ፣ በክልል 5 ዘግይቶ በ1985 ዓ. ም. ተከናወነ። አብላጫውን ወንበር ያገኘው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ነበር። ይህ ግንባር በ1976 ዓ. ም. የተቋቋመና በጫካ ያደገ ድርጅት ነው። ምክር ቤቱም በጎዴ ከተማ ተሰብስቦ አቶ አብዱላሂ መሐመድ ሰዓዲን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ።

እዚህ ላይ ጎዴ የተመረጠችበትን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ጎዴ በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ዳር፣ በክልሉ ደቡብ ያለች ከተማ ናት። ከአይሻ ተነሥቶ ምክር ቤት ለመግባት የሚሻ የሰሜን ተወካይ በድሬዳዋ ወርዶ፣ ወደ ሐረር ወጥቶ፣ ጅግጅጋ አድሮ፣ ከዚያም በደገሐቡርና በቀብሪ ደሐር በኩል እንደገና ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። በዚያን ጊዜ መንገዱ ምን ይመስል እንደ ነበር በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በሽንሌ (ዛሬ ሲቲ በሚባለው)፣ በኤረር፣ በአውበሬ፣ በቀብሪ በያህና በሐርቲሼክ ለሚኖሩት የኢሳ፣ የጉርጉራ፣ የገዳቡርሲ፣ የይሳቅና የሌሎችም ጎሣዎች ተወላጆች ጉዳዩ የርቀት ብቻ አልነበረም። የግንባሩ ስም «ኦጋዴን»፣ የመንበሩም ከተማ በኦጋዴኖች መካከል መሆኑ፣ ክልሉ የሁሉም ሶማሌ መሆኑ ቀርቶ የአንዱ ቤት እንዳይሆን አሰጋቸው። ከሰሜኖቹ ብዙዎች ዓይናቸው የሚያርፈው በድሬዳዋ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ድሬዳዋን ኦሮሞውም የኔ ናት ይል ስለ ነበር ከተማይቱ ለሁለቱም ሳትሆን ቀርታ ተጠሪነቷ ለማዕከላዊው መንግሥት ሆነ።

እንግዲህ የመሪ ምርጫው መከራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትና አብረዋቸው የተሾሙት ባለሥልጣኖች ሰባት ወር ያህል ሠርተው በመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ተወቅሰው ከሥራ ተነሡ። በቦታቸው አቶ ሐሰን ጅሬ ቀሊንሌ ተተኩ። (ቀሊንሌ ማለት በሶማሊኛ ባለ ብዕር ማለት ነው። ለጸሐፊዎች ደስ የሚል ስም ቢሆንም ዘመኑ የብዕር ዘመን አልነበረም።) በ1986 ዓ. ም. አጋማሽ ምክር ቤቱ ስለ ክልሉ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ውሳኔ ባሳለፈ ጊዜ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ፈጽሞ ተቋረጠ፤ ሁለተኛውም ፕሬዚዳንት ወንበራቸውን ለቀቁ። ሦስተኛው አቶ አብዲረሕማን ኡጋስ መሐመድ ቃኒ ሆኑ። ከዚህም በኋላ መንበረ መንግሥቱ ከጎዴ ወደ ጅግጅጋ ተዛወረ። ከ1985 እስከ 1990 ዓ. ም. ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ በፕሬዚዳንትነት የተቀመጡት ሰዎች ከአምስት አያንሱም። መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል፤ አዲሱ አለቃ ማኅተሙን ተረክቦ የመዝገቡን ቁልፍ ሳይለምድ ሌላው ይመጣል፤ ያልተፈረመ ደብዳቤ በጠረጴዛ ላይ ይከማቻል፤ የአስተማሪው ደመወዝም፣ የጉድጓድ ውኃውም ነገር ከዚያው ክምር ሥር ይሆናል።

ስለ ነገሩ ምክንያት ሲጠየቁ ብዙ ሰዎች «የጎሣ ነገር ነው» ብለው ያልፋሉ። እኛ ይህ መልስ ለሰነፍ የሚመች መስሎ ይታየናል። ጎሣ መኖሩ እውነት ነው፤ የወንበሩም ድልድል በጎሣ ሲቆጠር የነበረ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ጎሣ ራሱ መሪ መምረጥ የማይችል ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው በሰሜን የሚኖሩት ኢሳዎች ስለ ምን ለብዙ ትውልድ ያለ ፓርቲና ያለ ኮሮጆ ሲመርጡ ኖሩ? ኢሳዎች «ሔር» የሚባል የቃል ሕግ አላቸው። በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም ቀርቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝገብ ያሰፈረው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የበላዩ አለቃ፣ ኡጋሱ፣ የሚመረጠው በቍጥርና በኃይል ከሚበልጡት ጎሣዎች አይደለም፤ ወርዲቅ ከሚባለው ወገን ነው እንጂ። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው የማይሰጣጡትን ክብር ሊያስፈራቸው ለማይችለው ይሰጣሉ። ከኡጋሱም ጎን አርባ አራት አባሎች ያሉት ሸንጎ አለ። አዛውንቶቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪስማሙ ድረስ ይነጋገራሉ፤ ቀን የሚወስን ሌላ ባለሥልጣን የለባቸውም። ስለዚህ ጥበቡ ጠፍቶ አይደለም። ፓርቲው ጥበቡን ወደ አዳራሹ ይዞት አልገባም እንጂ።

የኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። ግንባሩ ለመታገል የተሠራ እንጂ ለመምራት የተሠራ ስላልነበረ የግንባሩ ሊቀ መንበር ሌላ፣ የክልሉ ፕሬዚዳንት ሌላ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ የሚሰማው ከወንበሩ ማዶ ያለውን የግንባሩን ድምፅ ነው፤ የምክር ቤቱ አባልም የመረጠውን ሰው መልሶ የሚያወርድበትን ደንብ ገና አልለመደም፤ በዚያ ላይ አዲስ አበባ ያለው መንግሥት በሩን ሳያንኳኳ ይገባል። ሦስት አለቃ ያለበት ቤት አለቃ የለበትም።

ይህ ዓይነቱ ድርብ አለቅነት ግንባሩ ከሥልጣን በወረደ ጊዜም አልቀረም፤ እንዲያውም ተባብሶ ተከተለ። በ1986 ዓ. ም. የካቲት ወር በሽግግሩ መንግሥት ድጋፍ፣ በሽንሌ አውራጃ በምትገኘው በሁርሶ፣ ዐሥር ያህል የጎሣ ድርጅቶች ተሰብስበው የኢትዮጵያ ሶማሌ ዴሞክራሲያዊ ሊግን መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሑሴን ነበሩ፤ የተማሩና የተከበሩ፣ በማዕከላዊው መንግሥት ሚኒስትር የሆኑ ሰው። በ1988 ዓ. ም. ሐምሌ ወር አዲስ አበባ ላይ ተተኩሶባቸው ቆስለው ተርፈዋል፤ በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። ሊጉ በ1987 ዓ. ም. ምርጫ አብላጫውን አገኘ። አሸናፊው ፓርቲ ሰሜናዊ በሆነች ከተማ ተወልዶ ሰሜናዊ በሆነች ከተማ፣ በጅግጅጋ፣ መንግሥት አቆመ። ነገር ግን የፓርቲው መሪ አዲስ አበባ፣ የምክር ቤቱ መሪ ጅግጅጋ ነበር። በጅግጅጋ ወንበር አቶ ኢድ ዳሂር ፋራህ ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይቆይ አቶ ከድር ማዓሊን አሊ ተከተሏቸው።

የኦጋዴኑም ግንባር በዚያን ጊዜ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱ ወገን ወደ ጫካ ተመለሰ፤ ሁለተኛው በሕግ ተመዝግቦ በምርጫው ተወዳደረ። በ1990 ዓ. ም. ሰኔ ወር ይህ ሕጋዊው ወገንና ሊጉ ጅግጅጋ ላይ ተዋሕደው የሶማሌ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን አቋቋሙ። የትናንት ተቀናቃኞች በአንድ ጣራ ሥር ገቡ ማለት ነው። በውጭ የነበረው ክርክር ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልቆመም፤ ከዚያም በኋላ ፕሬዚዳንቶች መፈራረቃቸውን ቀጠሉ።

ከ2002 እስከ 2010 ዓ. ም. አቶ አብዲ መሐሙድ ዑመር በፕሬዚዳንትነት በቆዩበት ዘመን መፈራረቁ ቆመ። ይህን ዕረፍት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በጅግጅጋ መካከል «ጄል ኦጋዴን» ይባል የነበረውን፣ በ2011 ዓ. ም. መግቢያ የተዘጋውን እስር ቤት ያስታውስ። ክርክር መጥፋቱና ስምምነት መገኘቱ አንድ አይደሉም።

መዝጊያው የመጣው በ2010 ዓ. ም. ክረምት ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀ መንበር አድርጎ ሲመርጥ፣ የሶማሌው ፓርቲ «አጋር» እንጂ አባል ስላልነበረ አንዲት ድምፅ እንኳ አልነበረውም። የአገሩን መሪ በመምረጥ ያልተካፈለው ፓርቲ ከአምስት ወር በኋላ የራሱን መሪ በጭንቅ መምረጥ ግድ ሆነበት። ሐምሌ 28 ቀን በጅግጅጋ ብጥብጥ ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። አቶ አብዲ በሁለተኛው ቀን ሥልጣን ለቀቁ፤ የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩት አቶ አሕመድ አብዲ መሐመድ ለጥቂት ቀኖች ተተኩ። ከዚያም ፓርቲው በነሐሴ ሊቀ መንበርነቱን ለአቶ አሕመድ ሺዴ ሰጠ፤ እሳቸው ያን ጊዜ የፌዴራል ሚኒስትር ነበሩ። ክልሉን እንዲመሩ የተጠሩት ደግሞ አቶ ሙስጠፌ ሙሐመድ ዑመር ናቸው። ማዕርጋቸውም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ የፕሬዚዳንቱን ሥራ በተጠባባቂነት ያዙ። አንባቢያችን እንደሚያየው የሃያ አራት ዓመቱ ሥርዓት ሳይለወጥ ተመልሶ መጣ፤ የፓርቲው አለቃ አዲስ አበባ፣ የክልሉ አለቃ ጅግጅጋ።

ፓርቲው ስሙን «የሶማሌ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ» ብሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ. ም. ወደ ብልጽግና ፓርቲ ገባ። ከጫካ የነበረውም ግንባር በ2011 ዓ. ም. ጥቅምት አሥመራ ላይ ስምምነት ፈርሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሶማሌ ክልል የስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ከሌላው አገር ዘግይቶ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ. ም. ነው፤ ልክ በ1985 ዓ. ም. ዘግይቶ እንደ ነበረው። በውጤቱም ምክር ቤቱ ጅግጅጋ ላይ ተሰብስቦ አቶ ሙስጠፌን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት በጎዴ አብላጫውን ወንበር ይዞ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት የመረጠው ግንባር ግን ከድምፅ መስጫው ቀን አስቀድሞ ከውድድሩ ወጥቶ ነበር።