አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ትበላለች?

ሕንፃ ሲመረቅ ሁለት ቁጥር ይነገረናል፤ ስንት ፎቅ እንደሆነና ስንት ብር እንደፈጀ። ሦስተኛውን ቁጥር ማንም አያነሣውም፤ ሕንፃው ከአካባቢው ምን ወሰደ? ብዙዎቻችን ይህ ጥያቄ በቅርቡ ከውጭ የመጣ፣ የባለሙያና የወርክሾፕ ወሬ ይመስለናል። የከተማዋን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። አዲስ አበባ ገና ከጅምሩ ስትለካ ኖራለች። የተለካችው ደግሞ በእግር ነው፤ የሚያስፈልጋት ነገር በየዘመኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደራቀ በመቁጠር።

በእንጨት እንጀምር። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ለቤትም ለምድጃም የሚሆነው እንጨት ከዙሪያዋ ካለው ደን ይቆረጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደኑ ሸሸ። እንጨት ለቃሚው አንድ ቀን ሙሉ የሚሄድበት ጊዜ መጣ። በቀደመው ልማድ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እንጨቱ ሲያልቅ መናገሻው ይነሣል፣ በቃ። ዳግማዊ ምኒልክም ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ አይደል? ሌላ ዓለም ሊጀመር ነበር።

ከተማዋን ከመነሣት ካዳኗት ነገሮች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፣ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል። የአዲስ ዓለሙ ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፣ መናገሻውም አዲስ አበባ ላይ ረጋ። ሒሳቡ ግን አልተዘጋም። ከእንጦጦ ቁልቁል የማገዶ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ከመቶ ዓመት በኋላም ያንኑ ርቀት በጀርባቸው ይከፍሉ ነበር።

ውኃውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ምንጭና ወንዝ ይበቃ ነበር። ቀጥሎ ከእንጦጦ ተራራ ሥር በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወረደ። ከዚያ በምዕራብ ገፈርሳ ተገደበ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በምሥራቅ ለገዳዲ። በኋላ በደቡብ በኩል የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች መጡ። ካርታው ላይ ብታዩት ከተማዋ በየአቅጣጫው እጇን ስትዘረጋ ነው የምትታየው።

ቆሻሻችን ደግሞ በተቃራኒው ይጓዛል፤ የምንፈልገውን ከሩቅ እናመጣለን፣ የማንፈልገውን ወደ ሩቅ እንጥላለን። ረጲ ላይ ያለው ቆሼ ሥራ ሲጀምር ከከተማው ጠርዝ ላይ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከመርበት ከተማው ግን እያደገ ደረሰበትና ከበበው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ለእኔ የቆሼ ትርጉም ይህ ነው፤ ሩቅ ብለን የምንጠራው ቦታ ሩቅ ሆኖ አይቀርም። በዚያ ላይ ያኔም ቢሆን ሩቅ የነበረው ለአንዳንዶቻችን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የሚራቀው ለመሬት ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ሲዘረጉ ትናንት ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት መሬት ጣሪያና አስፋልት ሆነ። እርሻ ላይ የወረደ ዝናብ ከፊሉ ወደ ምድር ይሰርጋል። ጣሪያና አስፋልት ላይ የወረደው ግን አብዛኛው ወዲያው ወደ ቦይና ወንዝ ይሮጣል። ስለዚህ የከርሰ ምድር ውኃችን ይቀንሳል፣ ጎርፋችን ይጨምራል። የቤት ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ጎጆ የሌለውን ሰው ስለ ዝናብ ስርገት ማስተማር ያሳፍራል። ግን መሬቱ ባለቤት ነበረው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በተቀናጀው ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት አስከፍሎ ዕቅዱ በጥር 2008 የተሰረዘው፣ ይህ ሦስተኛ ቁጥር በጊዜው ተጠይቆ ስላልተመለሰ ጭምር ይመስለኛል።

ሕግ የለንም ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 የልማት ሥራ አካባቢን እንዳያናጋ፣ የሚነካው ሕዝብም ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንም ያዛል። ሆኖም ጥናቱን የሚያስጠናው ባለፕሮጀክቱ ራሱ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ለየብቻው ይመዘናል። እንበል በአንድ ወንዝ ዳር መቶ ሕንፃ ሊሠራ ነው። የእያንዳንዱ ሪፖርት «ጉዳቱ አነስተኛ ነው» ቢል ውሸት ላይሆን ይችላል። ወንዙ ግን የሚሸከመው መቶውንም ነው።

ድምሩን የሚይዝልን አንድ መዝገብ አለ፤ አባ ሳሙኤል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ይህ ግድብ ከሀገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የከተማዋን እጣቢ ሁሉ ይዘው የሚገቡት እዚያ ነው። ሐይቁን ደለልና እምቦጭ ወረሩት፣ ማመንጫውም ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ቆይቶ በቻይና ድጋፍ ታደሰ። ደለሉ ሁሉ የከተማው አይደለም፤ ከእርሻ የታጠበ አፈርም አለበት። የመሠረት ቁፋሮ አፈር፣ የፋብሪካ ፍሳሽና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ግን የእኛው ናቸው።

ስለዚህ ቀጣዩ ሕንፃ ሲመረቅ ሦስተኛውን ቁጥር እንጠይቅ። ውኃው ከየት ይመጣል? ፍሳሹ የት ይሄዳል? አፈሩ የት ተደፋ? እዚያ የነበረውስ ሰው የት ገባ? መልሱ «ሩቅ ነው» ከሆነ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይነገረን።