ጫማ የበሉት ተመልካቾች

በባሌት ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ጊዜው 1842 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ቦታው ሴንት ፒተርስበርግ። ከ1837 ጀምሮ ከተማዋን በዳንሷ ስታሰክር የከረመችው ማሪ ታግሊዮኒ ልትሰናበት ነው። አድናቂዎቿ የዳንስ ጫማዋን በጨረታ ገዙ። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ላኩት። ተቀቀለ፣ ስጎ ተደረገበት፣ እራት ላይ ቀረበ፣ በሉት።

ወሬው ሳይጋነን አልቀረም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ወሬ በደረሰበት አይለጠፍም። ስለ ባሌት ተመልካች የተወራው ተመልካቹ የሚያስወራ ሥራ ሲሠራ ስለኖረ ነው።

ስለ ዳንሰኞች ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ጨለማው ውስጥ ስለተቀመጡት ሰዎች ነው። ያንኑ ዳንስ ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ቲኬት ገዝተው ስለሚያዩት። ለምን እነሱን? ምክንያቱም ዳንስ ከጥበባት ሁሉ ቶሎ የሚተን ነው። ሥዕል ግድግዳ ላይ ይቀራል። ግጥም ይታተማል። ዘፈን ተቀድቶ ይዞራል። ዳንስ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ያየው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ የዳንስ ታሪክ ግማሹ የተመልካች ታሪክ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ጭብጨባ በደመወዝ

ከፓሪስ እንጀምር። በ1832 ታግሊዮኒ በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ዳንስ ስትሠራ፣ በእግር ጣት ጫፍ መቆም የሰርከስ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ የመንፈስን ክብደት ማጣት የሚናገር ቋንቋ ሆነ። የኦፔራው ዳይሬክተር ሉዊ ቬሮን ደግሞ ነጋዴ ሰው ነበር። ሁለት ነገር ገብቶታል፤ አድናቂ ሊገዛ ይችላል፤ አድናቂ ሊሸጥለትም ይችላል።

የሚገዛው አጨብጫቢው ነበር። ኦጉስት ለቫሰር የተባለ ሰው የተደራጁ አጨብጫቢዎች አለቃ ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ይሰየማል። የቱ ላይ ሞቅ ያለ ጭብጨባ፣ የቱ ላይ ለስለስ ያለ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ልምምድ ሳይቀር ያይ ነበር። (የእኛን አገር ስብሰባዎች አስታውሳችሁ ከሳቃችሁ በኃላፊነት አልጠየቅም።) የሚሸጥለት ደግሞ የዓመት ወንበር የሚከራየው ሀብታም ነው። ቬሮን ዳንሰኞቹ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበትን ክፍል ለእነዚህ ሰዎች ከፈተላቸው። ኤድጋር ደጋ በኋላ በሣላቸው የባሌት ሥዕሎች ጥግ ላይ ጥቁር ኮት ለብሰው የሚታዩት ወንዶች እነሱ ናቸው። ዳንሰኞቹ አብዛኞቹ የድሃ ልጆች ነበሩ። ክፍሉ ውስጥ የሚካሄደውን ሁሉ «ጥበብን ማድነቅ» ብሎ መጥራት አይቻልም። ይህንን ሳንናገር አልፈን ስለ አድናቂ ፍቅር ብናወራ ታሪክ አልጻፍንም።

ከእነዚህ መሀል ግን ሌላ ዓይነት ሰውም ነበር። ገጣሚውና ሐያሲው ቴዎፊል ጎቲዬ ማታ ያየውን ጠዋት ይጽፋል። በዘመኑ ፓሪስ ለሁለት ተከፍላለች፤ የታግሊዮኒና የፋኒ ኤልስለር ደጋፊዎች እንደ ጊዮርጊስና ቡና ነበሩ። ጎቲዬ ታግሊዮኒን «ክርስቲያን» ዳንሰኛ፣ ኤልስለርን «አረማዊ» ዳንሰኛ ብሎ ሰየማቸው፤ አንዷ ወደ ሰማይ የምትሸሽ፣ ሌላዋ መሬቱን የምትወድ ለማለት ነው። በዚህም አላበቃም። ካርሎታ ግሪሲ የምትባለውን ዳንሰኛ አይቶ ተለከፈና የ«ጂዜል»ን ታሪክ ከሌላ ደራሲ ጋር ጻፈላት። «ጂዜል» በ1841 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይታያል። አንድ ተመልካች ከወንበሩ ተነስቶ የጨመረው ነገር ነው።

ቆጣሪዎቹ

ወደ ሩሲያ ስንመለስ ልክፍቱ ሥርዓት ይዞ እናገኘዋለን። ፒተርስበርግ ውስጥ «ባሌቶማን» የሚባል የሰው ዓይነት ነበር፤ በእኛ ቋንቋ «የባሌት ልክፍተኛ» ብንለው ይቀርበዋል። ጄኔራል፣ ባለሥልጣን፣ ባለ ርስት ነው። የዓመት ወንበር አለው። እያንዳንዷን እርምጃ በስሟ ያውቃል፤ ሳትሠራ የታለፈች ካለችም ያውቃል።

በ1895 ጣሊያናዊቷ ፒዬሪና ሌኛኒ በ«ስዋን ሌክ» ላይ በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ ተሽከረከረች። ልክፍተኞቹ ቆጠሩ። የሩሲያዋ ኮከብ ማቲልዳ ክሺሲንስካያ ብልሃቱን እስክትማር ድረስ ጉዳዩ የአገር ክብር ጉዳይ ሆኖ ነበር። ዛሬም «ስዋን ሌክ» በታየበት ሁሉ አዳራሹ ውስጥ በልቡ የሚቆጥር አይጠፋም። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀች ቆጠራ ናት።

ከዚያ 1917 መጣ። ወንበሮቹ ከነባለቤቶቻቸው ተበተኑ። ያ ሁሉ እውቀት በጭንቅላት ብቻ የተያዘ ስለነበር አብዛኛው ከሰዎቹ ጋር ተሰደደ፣ ከሰዎቹ ጋር ሞተ። የተረፈው የተጻፈው ነው። የማሪንስኪ ትያትር ልምምድ መሪ የነበረው ኒኮላይ ሰርጌዬቭ፣ ስቴፓኖቭ በተባለ ሰው የፈለሰፈው የዳንስ ጽሕፈት የተመዘገበባቸውን ደብተሮች ይዞ ከአገር ወጣ። በ1930ዎቹ ለንደን ላይ «ጂዜል»ን፣ «ስዋን ሌክ»ን፣ «እንቅልፋሟ ልዕልት»ን ለእንግሊዞች ያስተማረው ከእነዚያ ደብተሮች ነው። የጄኔራሎቹ ትዝታ አላሻገራቸውም፤ ያሻገራቸው ወረቀት ነው።

በጨለማ የሣለችው ሴት

ግንቦት 29 ቀን 1913 ፓሪስ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የዲያጊሌቭ ቡድን «የፀደይ ቅዱስ ሥርዓት»ን አቀረበ፤ ሙዚቃው የስትራቪንስኪ፣ ዳንሱ የኒዢንስኪ። ዳንሰኞቹ እግራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ጎንበስ ብለው መሬቱን ይደልቃሉ። ተመልካቹ አጉረመረመ፣ ሳቀ፣ ጮኸ፣ እርስ በርሱ ተሰዳደበ። ኒዢንስኪ ከመድረኩ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ ለዳንሰኞቹ ቁጥር ይጮህላቸው ነበር፤ ኦርኬስትራው አልሰማቸውማ።

ይህ የታወቀው ክፍል ነው። ብዙ የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ዳንስ በፓሪስና በለንደን ከአሥር ላላነሱ ምሽቶች እንኳ አልታየም። በዚያው ዓመት ኒዢንስኪ አግብቶ ከዲያጊሌቭ ጋር ተጣላ፤ ተባረረ፤ ዳንሱም አብሮት ወጣ። ቡድኑ በ1920 ሥራውን መመለስ ሲፈልግ ሌላ ሰው ሙዚቃው ላይ አዲስ ዳንስ ሠራለት።

አዳራሹ ውስጥ ግን ቫለንቲን ግሮስ የምትባል ወጣት ሠዓሊ ነበረች። የቡድኑን ትርኢት የምትከታተል አድናቂ ናት። ሰው ሲጮህ እሷ ወረቀቷን ይዛ ትሥላለች፤ የአንዷን ክንድ፣ የሌላዋን ጉልበት፣ ሰልፉ የቱ ጋ እንደታጠፈ። ሰባ ከምናምን ዓመት አለፈ። አሜሪካዊቷ ሚሊሰንት ሆድሰንና እንግሊዛዊው ኬኔት አርቸር የጠፋውን ዳንስ ፍለጋ ዓመታት አሳለፉ፤ በ1987 የጆፍሪ ባሌት ዳንሰኞች ሎስ አንጀለስ ላይ መልሰው አቀረቡት። ከተደገፉባቸው ማስረጃዎች ዋነኞቹ የኒዢንስኪ ረዳት የነበረችው የማሪ ራምበርት ማስታወሻና የቫለንቲን ግሮስ ንድፎች ናቸው። ያን ምሽት የጮኹት ለታሪክ ያስቀሩት ጩኸታቸውን ነው። ዳንሱን ያስቀረችው እሷ ናት።

የአድናቂዎች ማኅበር

ዲያጊሌቭ በ1929 ሲሞት ቡድኑ ፈረሰ። እንግሊዝ ያኔ የራሷ የሚባል ቋሚ የባሌት ቡድን አልነበራትም። ማን ይጀምር? አንድ የዳንስ መጽሔት አዘጋጅ፣ ፊሊፕ ሪቻርድሰን፣ እና አንድ ልክፍተኛ፣ አርኖልድ ሃስክል፣ ሰዎችን ሰብስበው በ1930 «የካማርጎ ማኅበር»ን አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። አባላት ቀድመው ይከፍላሉ፤ በተከፈለው ገንዘብ አዲስ ዳንስ ይሠራል፤ አባላት ያያሉ። እንደ እቁብ ቁጠሩት። ገንዘብ ያዡ ማን እንደነበር ስነግራችሁ ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ደስ ይላችኋል፤ ጆን ሜይናርድ ኬንስ። ሚስቱ ሊዲያ ሎፖኮቫ የዲያጊሌቭ ዳንሰኛ ነበረች።

ማኅበሩ የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የሠራቸው ዳንሶች ግን ኒኔት ደ ቫሎይስ ወደምትመራው፣ ሳድለርስ ዌልስ ትያትር ወደገባው ወጣት ቡድን ተላለፉ። በጦርነቱ ዘመን የጭፈራ አዳራሽ ሆኖ የነበረው ኮቨንት ጋርደን በየካቲት 1946 በዚሁ ቡድን ተከፈተ፤ የቤቱ ቦርድ ሊቀመንበር ያው ኬንስ ነበር፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሞተ። ቡድኑ በ1956 ሮያል ባሌት ተባለ። በ1962 ማርጎ ፎንቴንና ሩዶልፍ ኑሬዬቭ «ጂዜል»ን አብረው ሲደንሱ ርካሹን የላይኛው ሰገነት ቲኬት ፍለጋ ለሰዓታት የተሰለፈው ሕዝብ፣ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ መዋጮ ያዋጡት ሰዎች የተከሉትን ዛፍ ነበር የሚለቅመው።

ልክፍት የማያልፈው አዲስ ነገር የለም ግን አትበሉ። በ1973 ፒና ባውሽ የጀርመኗን የዉፐርታል ቡድን ስትረከብ፣ ባሌት የለመደው ነባር ተመልካች በር እየወረወረ ይወጣ ነበር። ወደ ኋላ ላይ ሰው ከዓለም ዙሪያ ወደዚያች የኢንዱስትሪ ከተማ እየተጓዘ ያያት ጀመር። በሩን ከወረወሩት መሀል ተመልሰው የገቡም እንደነበሩ እገምታለሁ።

እና እኛ?

አሁን «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ክሩን እንከተል።

ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ ገበሬ መሆን የሚፈልግ ወጣት ነበር። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሮያል ባሌትን ፊልም አየና ሐሳቡን ቀየረ። ዳንሰኛ፣ ከዚያም ኮሪዮግራፈር ሆነ። ይኸው ሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር ሠራ። ከእነሱ መሀል ተመርጠው ለዓመታት በሰለጠኑ ልጆች «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ተመሠረተ፤ በኋላም አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችን ያቀፈ ክፍል ነበረው። ማልዱም በ2003 በርሊን ላይ 250 ወጣቶችን ይዞ ያንኑ በ1913 የተጮኸበትን የስትራቪንስኪን ሥራ ሲያስደንስ ከአዲስ አበባ ልምድ ይዞ ነው። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል በ2004 በሮሌክስ የጥበባት ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ለመሥራት በቃ። በ2009 ደግሞ ጁነይድና ባልደረባው አዲሱ ደምሴ ለንደን፣ ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቆሙ፤ የካማርጎ ማኅበር ዳንሶች በተሻገሩበት ቤት።

እንግዲህ ዳንሰኛ አላጣንም። እስክስታ ላይ ትከሻው የማይነቃነቅ፣ ጥሩ ተወዛዋዥ አይቶ ግንባሩ ላይ ብር የማይለጥፍ ተመልካችም የለንም። እንደ እኛ ከዳንሰኛው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ታዳሚ በኮቨንት ጋርደን አይገኝም። የጎደለን የቫለንቲን ግሮስ ዓይነቱ ነው። አዱኛዎች አዲስ አበባ ላይ የሠሯቸውን ዳንሶች ስም፣ ቀን፣ አዳራሽ፣ ማን እንደደነሰባቸው ቁጭ ብሎ የመዘገበ ተመልካች ከመሀላችን ስንት ነው? በየሙዚቃ ክሊፑ ከዘፋኙ ጀርባ ያሉትን ተወዛዋዦች ስምስ ማን ይጠራል? ውዝዋዜውን ያቀናበረውንስ?

እኛ የከተማ ልጆች የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጠባባቂ በረኛ ስም እናውቃለን። ማስታወስ አቅቶን አይደለም። ዳንስ ስናይ ደስ ይለናል፣ እናጨበጭባለን፣ እንረሳለን። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ልጅ ተነስቶ «በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይደነስ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ «አቤት፣ ልዩ ነበሩ!» ከማለት ያለፈ የምንሰጠው መልስ ያስፈልገናል። «ልዩ ነበሩ» ጫማ እንደመብላት ነው፤ ፍቅሩ እውነት ነው፣ ግን በማግስቱ ጫማውም የለም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቦታ ዳንስ ስታዩ የትርኢቱን ወረቀት አትጣሉ፤ ወረቀት ከሌለ ስማቸውን ጠይቁ፤ ቀኑን፣ አዳራሹን፣ ከዳንሱ አንድ የገረማችሁን እንቅስቃሴ በአንድ መስመር ጻፉ። መሣል የምትችሉ ሣሉ። ደግሞ በሌላ ቀን ተመልሳችሁ እዩት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩ መጀመሪያ ያመለጣችሁን ታገኛላችሁ።

ቸር እንሰንብት።