ከሚሌ እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ ያለ ወለድ ብድር ለመማር ምን መንገዶች አሉ?



ሚሌ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ የባቲ መንገድም የሚገናኛት ከተማ ናት። በእሷም ሆነ በዙሪያዋ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲጨርስ ወላጅን የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንዱ ግመሉን በወረደ ዋጋ ይሸጣል፤ ሌላው ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ ይገባል። ሪባ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከብድር በፊት መንኳኳት ያለባቸውን በሮች በቅደም ተከተል አቅርበናል።

1. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) አሠራር ተማሪው ሲገባ ገንዘብ እንዲያመጣ አይገደድም። የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። በመምህርነት የሚሠለጥኑ በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሠራርም አለ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ቢሆንም ምደባው ሌላ ክልል ሊሆን ስለሚችል የመንገድና የኪስ ገንዘብ ቀድሞ ይታሰብ።

በየዓመቱ የሚፈረመው ውል ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። ዕዳ ነውና ያልገባችሁን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

2. የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል

የቱርክ መንግሥት «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ወርኃዊ ድጎማን፣ የጤና መድንን፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትንና የአውሮፕላን ቲኬትን ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ፣ ውጤቱም ቢያንስ 70 በመቶ (ለሕክምና 90 በመቶ) የደረሰ ያመለክታል። ምዝገባው ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ነው።

ዲን ለመማር ለሚሹ ወንዶች እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ጉዞውን ይሸፍናል።

መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው የእስላማዊ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊሞች የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ ፕሮግራም የተመሠረተው በቀርድ ሐሰን ነው፦ ተማሪው ሥራ ሲይዝ ያለ ወለድ የሚመልሰው ገንዘብ በአገሩ ላሉ ቀጣይ ተማሪዎች እንዲውል።

ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። «ዕድሉን አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ራቁ።

3. ዘካ፣ ወቅፍና ቀርድ ሐሰን

ተማሪን መደገፍ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በወሎ ደረሳ የሚቀራው መንደርተኛው እያበላው ነበር። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሃርም ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ተማሪዎች የሚኖሩበት «ሪዋቅ አል-ጀበርት» ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አባቶች ይመሩት ነበር።

አርብቶ አደሩ ከአምስት ግመል አንድ ፍየል ወይም በግ ዘካ እንደሚወጣ ያውቃል። ዘካ የሚሰጣቸው ስምንቱ ወገኖች በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ የተዘረዘሩ ሲሆን፣ የዘመናችን በርካታ ዑለማዎች ለትምህርቱ የሚከፍለው ያጣ ድሃ ተማሪ ከነዚህ ይቆጠራል ይላሉ። በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። መስጂዱ በየዓመቱ ለሁለት ሦስት ተማሪ የመንገድና የመጽሐፍ ወጪ ቢሸፍን፣ ቤተሰብ ከብቱን ሳይሸጥ ልጁ ይሄዳል።

ከዛሬ የሚጀመር ዝግጅት

ብዙ ልጆች ዕድሉን የሚያጡት ውጤት አንሷቸው ብቻ ሳይሆን ወረቀት ስላልተሟላላቸው ነው። ስለዚህ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፦

- የእያንዳንዱን ዓመት የትምህርት ማስረጃ አስቀምጡ።
- የልደት የምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ መታወቂያና ፓስፖርት ቀድማችሁ አውጡ።
- የስም አጻጻፍ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። «መሐመድ» በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋል፤ በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ ከተለያየ ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል።
- በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር መክፈቻ ነውና ለጥናት ጊዜ ስጡ፤ በፈተና ዓመት ልጆችን ከብት ጥበቃ ላይ አታቆዩ። ይህ ለሴት ልጆቻችንም ነው።

አላህ ልጆቻችንን ለራሳቸውም ለኡማውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።