መጀመሪያ ያስነጠሰው ማን ነው?

ኅዳር 12 ሲመጣ አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። የየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠራርጎ ይቃጠላል፤ እኛም ዓይናችን እያለቀሰ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ብዙዎቻችን ከጭሱ በስተቀር ስለ ነገሩ የምናውቀው ጥቂት ነው። የሚታሰበው የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ነው፤ ፈረንጆቹ የ1918 «የስፔን ጉንፋን» የሚሉት። ዛሬ የምናወራው ግን የዚያው በሽታ ሌላ ተጠቂ ስለሆነው ስለ አሳማ ነው። (ስሙ ሲጠራ ፊቱን የሚያጨማድድ ስለማይጠፋ አስቀድመን ይቅርታ ጠይቀናል።) ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኅዳር እኛን ከማጥቃቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በ1918 መጸው፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሴዳር ራፒድስ ከተማ የአሳማ ኤግዚቢሽን ነበር። ለውድድር የመጡት አሳማዎች ማሳል ጀመሩ፤ ንፍጣቸው ተዝረከረከ፤ ትኩሳቱም ጣላቸው። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ አሳማዎቹ ወደየመጡበት ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ የመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ጋጣ ሁሉ ሲያስል ከረመ።

ፎርት ዶጅ ውስጥ ጄ. ኤስ. ኮን የሚባል የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራው የአሳማ ኮሌራን መከታተል ቢሆንም ያየው ነገር ኮሌራ አልመስል አለው። በአንዱ ገበሬ ቤት ቤተሰቡ ጉንፋን ይዞት በተኛ ማግሥት አሳማዎቹ ይታመማሉ፤ በሌላው ቤት ደግሞ አሳማዎቹ ይቀድሙና ሰዉ ይከተላል። ስለዚህ በሽታውን «ፍሉ» አለው። አሳማ አርቢዎቹና ነጋዴዎቹ ተቆጡ፤ ስሙ ገበያ ሊዘጋባቸው ነዋ! ኮን ግን ወይ ፍንክች! በ1919 አቋሙን ጽፎ አሳተመ።

ሳይንሱ እሱን ለመስማት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት። የአዮዋ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ሪቻርድ ሾፕ ከታመሙ አሳማዎች የወሰደውን ንፍጥ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። የተጣራውን ፈሳሽ ጤነኛ አሳማ አፍንጫ ውስጥ ሲጨምረው አሳማው ታመመ። ይህን በ1931 አሳተመ። ለንደን ውስጥ ስሚዝ፣ አንድሪውስና ሌይድሎው የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ያገኙት ገና በ1933 ነው። አሳማው ሰውን ሁለት ዓመት ቀደመው ማለት ነው።

ከዚያ የመጣው ይበልጥ ይገርመናል። የሰዎች ደም ሲመረመር በአዋቂዎቹ ደም ውስጥ የአሳማውን ቫይረስ የሚያመክን መከላከያ ተገኘ፤ ከ1918 በኋላ በተወለዱት ሕፃናት ደም ውስጥ ግን በአብዛኛው የለም። አዋቂዎቹ ያንን ቫይረስ ወይም የቅርብ ዘመዱን ከዚያ በፊት ያውቁታል። የኅዳር ቫይረስ ዘር አሳማ ጋጣ ውስጥ ተጠልሎ ነበር!

እና መጀመሪያ ያስነጠሰው ማን ነው? ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች በ1918 በሽታውን ያስያዘው ሰው፣ የተያዘው አሳማ ነው ይላሉ። በሽታው በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ በ2012 አሜሪካ ውስጥ 309 ሰዎች የአሳማ ቫይረስ ይዟቸዋል፤ አብዛኞቹ በእርሻ ባዛር አሳማ አጠገብ የዋሉ ልጆች ነበሩ። ነገር ግን ኖርዌይን እንይ። አሳማዎቿ ከኢንፍሉዌንዛ ነፃ ነበሩ። በ2009 መጸው የጋጣ ሠራተኞች ጉንፋን ያዛቸው፤ ከዚያ አሳማዎቹ ታመሙ።

የ2009ኙ ወረርሽኝ «የአሳማ ጉንፋን» መባሉ አሳማ ሻጮችን እንደ ኮን ዘመን አስቆጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ መጨረሻ ስሙን መጠቀም አቆመ። ለካይሮ ግን ዘግይቷል። የግብፅ መንግሥት አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 29፣ በአገሪቱ ያሉ አሳማዎች በሙሉ እንዲታረዱ አዝዞ ነበር። ወደ 300 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ያን ጊዜ በግብፅ አንድም በበሽታው የተያዘ ሰው አልተገኘም፤ በሽታውም የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያም ውሳኔውን ስህተት ብሎታል።

አሳማዎቹ የዘባሊኖች ነበሩ። ዘባሊኖች የካይሮን ቆሻሻ ከየቤቱ የሚሰበስቡ፣ በአብዛኛው የኮፕት ክርስቲያን የሆኑ ድሆች ናቸው። ፕላስቲኩንና ብረቱን ለይተው ይሸጣሉ፤ የምግብ ትርፍራፊውን አሳማዎቹ ይበሉታል። ብዙዎቹ ትእዛዙ በበሽታ ስም በእነሱ ላይ የመጣ ነው ብለው አመኑ፤ እኛም አልፈረድንባቸውም። የግብፅ የመጀመሪያ ሕመምተኛ የተገኘችው በጁን ወር ነው፤ ከአሜሪካ በአውሮፕላን የመጣች ልጅ ነበረች።

የምግብ ትርፍራፊውን የሚበላ ሲጠፋ ዘባሊኖቹ ማንሳቱን ተዉት። በዚያው ዓመት የካይሮ መንገዶች ዳር ቆሻሻው ተከምሮ ይሸት ጀመር።