ሊቶሪና (የኤርትራ ባቡር)

ሊቶሪና ፊያት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ኢጣሊያ ውስጥ የሠራው፣ ሞተሩን ራሱ ተሸክሞ ያለ ሎኮሞቲቭ የሚጓዝ የመንገደኞች ባቡር ነው። በምጽዋ–አስመራ መስመር ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል።

መስመሩ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አስመራ ይወጣል። ሐዲዱ ከተማዋ የደረሰው በ1911 ነው።

አሮጌ ሊቶሪና ሲገኝ የየትኛው አገር መሆኑን ለመለየት በመጀመሪያ የሚለካው በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ነው። የኤርትራ ሐዲድ 950 ሚሊ ሜትር፣ የቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ደግሞ 1,000 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላላቸው፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ የተሽከርካሪውን አገር ያሳብቃል። ቀጥሎ የፋብሪካው ሰሌዳ፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ይነጻጸራሉ። ቀለም አይታመንም። ሞተርም ቢሆን ያው ነው፤ በጥገና ሰበብ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ላይ ይገጠማል።

በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ዘመን መስመሩ ተቋርጦ ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ። በ1990ዎቹ መልሶ ግንባታው ሲጀመር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ የእነዚህ አዛውንት እጅ ባይኖር ሥራው መጀመሩም ያጠራጥር ነበር። ገበያ ላይ የጠፋ መለዋወጫ በአስመራው ጋራዥ ተሠራ፣ ሊቶሪናም ታደሰ። ሐዲዱ ዳግም አስመራ የገባው በ2003 ነው።

የሊቶሪና ጥበቃ እንደ ቦታው ይለያያል። የምጽዋ ጨዋማ እርጥበት ከወለሉ ሥር ያለውን ብረት ቶሎ ያዝገዋል፤ የአስመራ ደረቅ አየር ግን ብረቱን ያቆየዋል።