የመጀመሪያው እርከን፦ ማዕረግና ትምህርት በጁዶ ታሪክ



በጃፓን የጥንቶቹ የጁጂትሱ ትምህርት ቤቶች ለደቀ መዛሙርታቸው የፈቃድ ወረቀት ይሰጡ ነበር። የመጨረሻውን ወረቀት የተቀበለ ሰው የመምህሩን ምሥጢር ሁሉ እንደ ተረከበ ይቆጠራል።

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የተሰኘውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲመሠርት ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1883፣ ለሁለት ተማሪዎቹ «ሾዳን» የተባለውን ማዕረግ ሰጠ፤ ትርጓሜውም «የመጀመሪያ እርከን» ነው። ኋላ ጥቁሩ ቀበቶ የዚህ ማዕረግ ምልክት ሆነ። እንግዲህ ብዙ ሰው የፍጻሜ ምልክት አድርጎ የሚያየው ቀበቶ በጁዶ ሰዎች ዘንድ መነሻ ነው፤ ከእርሱ በላይ እስከ 10ኛ ዳን የሚያወጣ መሰላል አለ።

እኔም ዶክትሬቴን ስቀበል የመጨረሻውን ወረቀት የተረከብሁ መስሎኝ ነበር። አንዲት ተማሪ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ብትጠይቀኝ፣ ማዕረጌን ጋሻ አድርጌ አሳፍሬ አስቀመጥኋት። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል የጠየቀኝ አልነበረም፤ ዝምታውን እንደ አክብሮት ቆጠርሁት። ማዕረግ ትምህርትን የሚዘጋው እንዲህ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁን እጠብቃለሁ፤ መልሱን ካላወቅሁ «አላውቅም» እላለሁ።